ጥርስ ነቃዩ ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ቀን

ዓሚ ሙሳ የሞተው ጥርሱን ሳያወልቅ ነው።

እህቴ አሲያ ከአገራችን ከመንጌ ደውላ መጀመሪያ የነገረችኝ ይህንን ነው። «ሞተ» አላለችም። «ጥርሱን እንዳደረገ ነው የተኛው፤ ጠዋት ሊቀሰቅሱት ሲገቡ ፈገግ ያለ መስሏቸው ነበር» አለችኝ። ከዚያ ማልቀስ ጀመረች፤ ያኔ ነው የገባኝ። ሰው ሰራሽ ጥርስ ማታ ወልቆ ውሃ ውስጥ እንደሚያድር እኔ በምሰራበት የጥርስ ክሊኒክ ስንት ጊዜ ነግረነዋል! እሺ ብሎ አያውቅም። «መልአኩ በተኛሁበት ቢመጣስ? በድዴ ላናግረው ነው?» ይል ነበር። እንግዲህ መልአኩ መጣ። ዓሚ ሙሳም ሙሉ ጥርስ ይዞ ጠበቀው።

ዓሚ ማለት እኛ ዘንድ አጎት ማለት ነው፤ ከሱዳን በኩል የመጣ ቃል ነው፤ ዘመድ ባይሆንም ለትልቅ ሰው እንለዋለን። የትምህርት ቤት አማርኛዬን ላሳየው ብዬ አንድ ቀን «እርስዎ» ብለው ዞር ብሎ ከኋላው ማን እንደቆመ አየ። «ሙሳ አንድ ነው» አለኝ። ስለዚህ እዚህም «እሱ» እያልኩ እጽፋለሁ። የሚከፋው ካለ ይክፋው።

ስራው ጥርስ መንቀል ነበር። መንጌ ላይ በገበያ ቀን ከትልቁ የማንጎ ዛፍ ስር ሰሌን ያነጥፋል። ለብ ያለ የጨው ውሃ በጣሳ፣ አመድ በቆርቆሮ ክዳን፣ ጉጠቱ ደግሞ በቀይ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከጎኑ ይቀመጣል። ጥርሱን የታመመው ሰው ሰሌኑ ላይ በጀርባው ይጋደማል። ጭንቅላቱን ዓሚ ሙሳ በሁለት ጉልበቶቹ መሃል ይይዘዋል። ጎረምሶች እጅና እግሩን ይጫናሉ። አለቀ። ማደንዘዣው ይሄ ነበር።

ድሮ ጥሩ ነበር የሚሉ ሰዎች ያናድዱኛል። ድሮ ማለት ጉልበት ጆሮህ ላይ፣ አመድ አፍህ ውስጥ ማለት ነው። ዓሚ ሙሳን የምወደው ድሮን ስለሚያስታውሰኝ አይደለም። ከድሮ በገዛ እግሩ ስለወጣ ነው።

ሌላም ጥርስ ነቃይ ነበረ፤ ከባምባሲ በኩል እየመጣ የሚነቅል። ሰው ግን ወደ ዓሚ ሙሳ የሚሄደው ለጩኸቱ ሲል ነበር። እኛ ጋ ትልቅ ሰው ሰው ፊት ከጮኸ አበቃለት፤ እስኪያረጅ ይሳቅበታል። ዓሚ ሙሳ ጥርሱን በጉጠቱ ካስያዘ በኋላ ግራ እጁን ወደ ላይ ያነሳል። ገበያው ምልክቱን ያውቃል። ሽንኩርት ሻጯ፣ ወርቅ ሊሸጥ የመጣው፣ ፍየል የሚጎትተው፣ ሁሉም ስራውን አቁሞ በአንድ ድምፅ «ኸላስ!» ይላል። በቃ፣ አለቀ ማለት ነው። ሴቶቹ እልልታውን ያቀልጡታል። ቀኝ እጁ በዚያ መሃል ነው የሚነቅለው። የሰውየው ጩኸት በገበያው ጩኸት ውስጥ ሰምጦ ይቀራል። ስለዚህ ማንም አልጮኸም።

«አንተ አትጩኽ» ይላል ሰውየውን ሲያጋድም። «ጩኸት የኛ ስራ ነው።» ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ነበር የሚለው፤ ሁለተኛ ቋንቋው ስለሆነ አማርኛው እንደዚያ ነበር፤ የሚያርመውም አልነበረም።

በልጅነቴ እኔም እዚያ ሰሌን ላይ ተጋድሜያለሁ። የጉልበቱ አጥንት ጆሮዬን ሲጫነው፣ የጉጠቱ ብረት ምላሴ ላይ ሲቀዘቅዝ፣ ከበላዬ የማንጎው ቅጠል ሲዞር አሁንም ይታየኛል። እጁ ወደ ላይ ወጣ። ገበያው ጮኸ። ስነሳ ሰዉ ሁሉ ትከሻዬን መታ መታ እያደረገ «ጎበዝ! ትንፍሽ አላለችም!» አለኝ። እኔ ግን ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮኼ ነበር። ተመልሼ ሄጄ ነገርኩት።

«ዓሚ፣ እኔኮ ጮኼያለሁ።»

ጉጠቱን በአመድ እየፈተገ ነበር። «ማን ሰማ?»

«እኔ ሰምቻለሁ።»

«አንተ አይቆጠርም» አለኝና ሳቀ። ሳቁ ጥሩ ነበር፤ በአንድ በኩል ብቻ ቢሆንም። የጥርሴ ስር ግን ተሰብሮ ድዴ ውስጥ ቀርቶ ነበር። ኸላስ ተብሎለት ለስንት ጊዜ መግል ሲያወጣ ከረመ።

ስለ ጉጠቱ መናገር አለብኝ፤ ካልተናገርኩ በኋላ የሆነው ነገር አይገባም። ጉጠቱን የሰሩት አያቱ ናቸው። አያቱ ቀጥቃጭ ነበሩ፤ ለወርቅ አጣቢዎች መቆፈሪያ ይሰሩ ነበር። ዘመኑ በአስራ ዘጠኝ መቶ ዓመተ ምህረት ግድም ይሆናል፤ ከሱዳን ጨውና ጨርቅ በአህያ ጭነው የሚመጡ ነጋዴዎች መንጌ ላይ ወርቅ የሚገዙበት ጊዜ። ዓሚ ሙሳ ይህንን ሲያወራ እዚያው የነበረ ይመስል ነበር። አንድ ነጋዴ ጉንጩ አብጦ፣ አህያው ላይ እንደ ጆንያ ተጭኖ መጣ አሉ። ሰውየው ቀጥቃጩ ጋ የወረደው ብረት መቆንጠጫ ስላለው ነው። ግን የቀጥቃጭ መቆንጠጫ ለከሰልና ለጋለ ብረት ነው፤ አፍ ውስጥ አይገባም። አያትየው የተሰበረ የጠመንጃ አፈሙዝ አወጡ። «አፍህን ክፈት» አሉና በጣታቸው ለኩ። ብረቱን አግለው ቀጠቀጡ። እንደገና «ክፈት» አሉ፤ ለኩ፤ ቀጠቀጡ። ነጋዴው ወናፉ አጠገብ ተቀምጦ እያቃሰተ፣ የራሱን መከራ ሲሰራ እያየ ጠበቀ። ጥርሱ ሲወጣ የጮኸው ጩኸት አህዮቹን ከነጭነታቸው በታተናቸው። ሰውየው በጣም አፈረ። አያትየው ከዚያ በኋላ ለሚመጣ ሁሉ የቆመውን ሰው ማስጮህ የጀመሩት እሱን አይተው ነው።

ይህንን ታሪክ መንጌ ላይ የማያውቅ የለም፤ የሚኮራበት እንጂ የሚያስበው ሰው ግን አላየሁም። እኔ አሰብኩት። ያ ጉጠት የተሰራው በአንድ ሱዳናዊ ነጋዴ አፍ ልክ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ የአገራችን አፍ ሁሉ፣ የሽማግሌውም የህጻኑም፣ በአንድ የሞተ ነጋዴ አፍ ልክ ሲታከም ኖረ። አንድ ጊዜ ይህንን ስነግረው ዓሚ ሙሳ ጉጠቱን አገላብጦ አየውና «ትልቅ አፍ ነበረው ማለት ነው» አለ።

ከአያትየው ሌላም የተወረሰ ነገር ነበር፤ የጥርስ ትል። ጥርስን የሚበላው ትል ነው፣ ትሉ የሚሞተው በእሳት ነው ብለው የጋለ ሚስማር የተቦረቦረው ጥርስ ውስጥ ይከቱ ነበር። ዓሚ ሙሳም ይከት ነበር። «ሲጤስ አየህ? ትሉ ነው» ይል ነበር።

አሁን ወደ አሲያ ልምጣ።

ባሏ ያኔ ጉባ፣ ግድቡ ላይ ፌሮ ያስር ነበር። እኔ አስራ ሁለተኛ ጨርሼ ውጤት አልመጣልኝም፤ ሱቅ ሞከርኩ፣ ፀጉር ቤት ሞከርኩ፣ አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንልኝም፤ በመጨረሻ አሶሳ ጥርስ ክሊኒክ ካርድ ክፍል ገብቼ ነበር። አሲያ የመጨረሻው መንጋጋዋ ከታመማት ቆይቷል። «ነይ፣ እኔ ያለሁበት ነው፣ ማንም አያንገላታሽም» እላታለሁ። እምቢ። ምክንያቷ አንዲት ጎረቤታችን ናት። ሴትየዋ አሶሳ ተነቅላ፣ ማደንዘዣው ሳይለቃት ሚኒባስ ተሳፍራ፣ ከንፈሯ ተንጠልጥሎ መንጌ ገበያ መሃል ወረደች። ሁሉም አያት። ቤቷ ገብታ ሻይ እስክትጠጣ አፏ ተስተካክሎ ነበር፤ ወሬው ግን አልጠበቃትም። መርፌው አፍ ያጣምማል ተባለ። በቃ፣ ተጻፈ።

አንድ ጠዋት ጎረቤት ደውሎ «እህትሽን ነይ እዪያት» አለኝ። ስደርስ ጉንጯ ድንጋይ ሆኗል፤ እብጠቱ ከአገጯ ስር ወደ አንገቷ ወርዷል፤ ምራቋን መዋጥ አቅቷት በጨርቅ ትጠርጋለች። ለሐኪማችን ለዶክተር ሰናይት ደውዬ ያየሁትን ነገርኳት።

«አንገቷ ጋ ደርሷል?»

«አዎ።»

«እዚያ ከወረደ ትንፋሽ ይዘጋል። ዛሬውኑ አምጫት፤ ነገ አትበይኝ።»

አሲያ ግን ወደ ዓሚ ሙሳ ልካ ነበር። በጥርሷ መሃል እያፏጨች «ሙሳ ይንቀለው፤ በመርፌ አፌ ተጣሞ ለባሌ አልቀርብም» ትላለች። ጮህኩባት። «ሬሳሽ ቀጥ ያለ አፍ ቢኖረው ለባልሽ ምን ይጠቅመዋል?» አልኳት። ጎረቤቶቹ «አስተግፊሩላህ» አሉ። ልክ ነበርኩ ግን።

ዓሚ ሙሳ ቀዩን ጨርቅ በብብቱ ይዞ ገባ። ሰው መንገድ ለቀቀለት። አጠገቧ ተንበርክኮ አንገቷን በጣቱ ጫን አደረገ፤ ጣቱ የተጫነበት ቦታ ጎድጉዶ ቀረ። ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ጉጠቱን ሳይፈታ ተነሳ።

«አልነካም» አለ።

«ለምን?» አለች አሲያ።

«ይሄን እብጠት አውቃለሁ። አያቴ ነቅሏል፤ ሰውየው አልተነሳም። አባቴ ነቅሏል። እኔ ነቅያለሁ።» መንጌ ውስጥ ማንን እንደቀበርን ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ግን ከጉጠቱ ጋር አያይዞ የተናገረ ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም። «ወደ ዘሀራ ሐኪም ውሰዱት» አለ፤ አሲያን ማለቱ ነው። ዘሀራ እኔ ነኝ።

አሲያ ታማም ምላሷ አልታመመም። በዚያ በተዘጋ አፏ «አንተ ትሄዳለህ?» አለችው። «አንተም ጥርስህን ታመሃል። በአንድ በኩል ነው የምታኝከው፤ መንጌ ሁሉ ያውቃል። መጀመሪያ አንተ ተቀመጥ። አፍህ ካልተጣመመ እኔ እቀመጣለሁ።»

የጥርስ ነቃይ ጥርስ በሌላ እጅ ይነቀል ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም ገብቶታል። ስሙ፣ የአባቱ ስም፣ ማንጎው ስር ያለው ቦታ፣ ሁሉም አብሮ ይነቀላል። አንዱ ጎረምሳ ጉሮሮው ውስጥ ሳቀ። ዓሚ ሙሳ አሲያን አየ፤ አንገቷን አየ።

«ሚኒባስ አለ?» አለ።

አሶሳ ከመናኸሪያው በባጃጅ ወደ ክሊኒኩ ስንሄድ አሲያ ትከሻዬ ላይ ተደግፋ ትንፋሿ ይሰማኛል፤ ወፍራም ነበር። ዓሚ ሙሳ ቀዩን ጨርቅ ጭኑ ላይ ይዞ ተቀምጧል። መጠበቂያው ክፍል ሞልቷል፤ ከመንጌ የመጡ፣ ከባምባሲ የመጡ፣ አንዲት የወሎ ሰፋሪ እናት። አንድ ሁለቱ ዓሚ ሙሳን አውቀው ቆሙ። ሊነቅል የመጣ መስሏቸዋል።

ዶክተር ሰናይት አጭር ናት፤ ቀጭን ናት፤ ጓንት ስታደርግ እጇ የልጅ ይመስላል። አሲያን ባየች ጊዜ ፊቷ ተለወጠ። «አሁኑኑ ወንበሩ ላይ» አለች። አሲያ የበሩን መቃን ይዛ አልላቀቅም አለች። ጉዳዩን ለሐኪሟ በፍጥነት ነገርኳት።

«በጉልበት አላስቀምጣትም» አለች ሐኪሟ፤ «ግን ጊዜ የለንም። አባባ፣ ኑ ቶሎ ይቀመጡ።»

ዓሚ ሙሳ ከላይ እስከ ታች አያት። «ይሄ ልጅ ነው የሚነቅለው? ክንዱ የት አለ?»

«ክንድ አያስፈልገኝም።»

«ያስፈልጋል። አምጣ እጅህን።» እጇን ይዞ መዘናት። ራሱን ነቀነቀ። ቢሆንም «ቢስሚላህ» ብሎ ተቀመጠ፤ ወንበሩ በራሱ ወደ ኋላ ሲተኛ ሁለቱን የክንድ ማሳረፊያዎች ጨበጠ።

መጀመሪያ ራጅ ነው። ማሽኑ በፊቱ ዙሪያ ዞረ፤ ምስሉ ስክሪኑ ላይ ወጣ። እኔ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ለምጄዋለሁ፤ በእሱ ዓይን ሳየው ግን ጸጉሬ ቆመ። የራሱ መንጋጋ ነው፤ ጥርሶቹ ከነስራቸው፣ እንደ ተነቀለ ካሳቫ፣ አጥንቱ ውስጥ ቆመው ይታያሉ። ቀና ብሎ ተጠጋ።

«ይሄ ስሩ ነው?»

«ስሩ ነው አባባ። ይኸው ይሄኛው ቆልመም ብሏል፤ ቀጥ አድርጌ ብስበው ይሰበራል። ስለዚህ በዚህ በኩል አዙሬ ነው የማወጣው።»

«ሳይወጣ ያየዋል» አለኝ ወደ እኔ ዞሮ፤ በቋንቋችን በበርታኛ ነው ያለኝ። «ዘሀራ፣ ሳይወጣ ነው የሚያየው!» ከዚያ ጣቱን ጥርሱ ላይ ወዳለው ጥቁር ቀዳዳ ወሰደ። «ትሉ የት አለ?»

«የምን ትል?»

አስረዳኋት። ሐኪሟ አልሳቀችም፤ ለዚህ አከብራታለሁ። «ትል የለም» አለች። «ኖሮም አያውቅም።»

ስክሪኑን ከዳር እስከ ዳር ፈለገው። አንድ ዕድሜ ሙሉ የጋለ ሚስማር ይዞ ያሳደደውን ነገር ፈለገው። «ሲጤስ የነበረው ምንድን ነው ታዲያ?» አለ።

«ጥርሱ ነው» አለች ሐኪሟ።

«እእ» አለ። ብቻ «እእ»።

መርፌው ሲገባ ዓይኑን ጨፈነ። ሐኪሟ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ ብላ ሄዳ የአሲያን መድኃኒት ማዘጋጀት ጀመረች። ዓሚ ሙሳ ከንፈሩን በጣቱ ቆነጠጠ። እንደገና ቆነጠጠ።

«ዘሀራ፣ ከንፈሬ የት ሄደ?»

አሲያ ከበሩ ላይ አየችው። ምራቁ በአንድ በኩል ሲወርድ፣ ከንፈሩ ሲንጠለጠል አየች። «ተጣመመ!» ብላ ተንዘፈዘፈች። «አላልኩም? ተጣመመ!» መጠበቂያው ክፍል ያለው ሰው ሁሉ አንገቱን አስግጎ ወደ ውስጥ ተመለከተ። የወሎዋ እናት «ኧረ በአላህ» አለች። አሲያ ወደ ኋላ መሸሽ ጀመረች፤ እኔ ቀሚሷን ያዝኩ። እዚህ ላይ ሁሉም ነገር ሊያልቅ ነበር፤ የእሷም ነፍስ።

ዓሚ ሙሳ መስታወት ጠየቀ። ራሱን አየ። ጉንጩን ነፋ፤ በአንድ በኩል አየሩ ፉስ ብሎ አመለጠ።

«ይመለሳል?» አለ ሐኪሟን።

«ከቀትር በኋላ ይመለሳል።»

ወደ አሲያ ዞረ። «ሰማህ? ይመለሳል። ካልተመለሰ የኔ አፍ ነው፤ የማገባው የለኝም። ቁጭ በልና እይ።» ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ ወደ መጠበቂያው ክፍል «ይሄ እጅ ሲነሳ ኸላስ ትላላችሁ! ሁላችሁም! እሱ ጋ ያለውም፣ ያኛውም!» አለና ግራ እጁን አሳየ። የመንጌ ሰዎች በዓረብኛ «ጠይብ፣ እሺ!» አሉ፤ ሌሎቹም ምን እንደሆነ ሳይገባቸው «እሺ» አሉ።

ዶክተር ሰናይት «ለምንድን ነው የሚጮኹት?» አለችኝ። ነገርኳት። ከጭምብሏ በላይ ዓይኗ ብቻ ነው የሚታየኝ። «እዚህ የሚሸፈን ጩኸት የለም» አለችና ጎንበስ አለች።

አሲያ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ዓሚ ሙሳ አፉን ከፍቶ፣ ጣሪያውን አፍጥጦ፣ ግራ እጁን ሊያነሳ አዘጋጅቶ ይጠብቃል። የሐኪሟ ትንሽ እጅ ዞር አለ፤ ተመለሰ፤ ትንሽ ዞር አለ። የብረት ድምፅ ትሪ ላይ ጠብ አለ። እሱ አሁንም ይጠብቃል። እጁ ተዘጋጅቷል። እኔ ሳቄን መያዝ አቃተኝ።

ጥጥ አፉ ውስጥ እንዳለ «መቼ ነው የሚጀምረው?» አለ።

ዶክተር ሰናይት ጥርሱን በመቆንጠጫ አንስታ ዓይኑ ፊት አቆመችው። ሁለቱም ስሮች ሙሉ ናቸው፤ ቆልማማውም ጭምር።

ዓሚ ሙሳ ጥርሱን ተቀብሎ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረው። ምላሱን ወደ ጎደለው ቦታ ሰደደ። ከዚያ ጥርሱን አየ፤ ሐኪሟን አየ፤ እጇን አየ፤ ያችን ክንድ የሌላትን እጅ። ጭኑ ላይ ያለውን ቀይ ጨርቅ ዳሰሰው። መጠበቂያው ክፍል ያለው ሰው ሁሉ ምልክቱን እየጠበቀ ነው፤ ጥርሱ ወጥቶ ያለቀለት መሆኑን አያውቅም።

ግራ እጁ ቀስ ብሎ ተነሳ።

«ኸላስ!»

መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። የመንጌ ሴቶች እልል አሉ፤ የወሎዋ እናት ተቀበለቻቸው፤ መንገድ ላይ የቆመ ባጃጅ ጥሩምባውን ነፋ። ዓሚ ሙሳ እየሳቀ ነበር፤ በተጣመመ አፉ፣ በሁለቱም በኩል ሊስቅ እየሞከረ። «ማንም አልጮኸም!» አለ። «እኔ እዚሁ ነበርኩ፤ አልጮኽኩም! ሰምቻለሁ፤ አልጮኽኩም!»

አሲያ ተነሳች። ማንም አልነካትም። በራሷ እግር ሄዳ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

የእሷ እንደ እሱ ቀላል አልነበረም፤ አልዋሽም። መግሉ መጀመሪያ ተከፍቶ ወጣ፤ ሽታው ክፍሉን ሞላው። ጥርሷ ተነቀለ፤ ከዚያ ሆስፒታል ገብታ በክንዷ መድኃኒት ሲንጠባጠብላት ሰነበተች። ግን የአንገቷ እብጠት ሲጎድል አየሁ፤ ያ ወፍራም ትንፋሿ ሲቀጥን በጆሮዬ ሰማሁ። ዓሚ ሙሳ የመጀመሪያውን ቀን ግቢው ውስጥ ከንፈሩን እየቆነጠጠ ዋለ። ከቀትር በኋላ እየሮጠ ወደ አልጋዋ መጣ። «ተመለሰ! ቆንጥጠኝ፣ አመመኝ! ከንፈሬ ተመለሰ!» አስታማሚዎቹ ሁሉ አንገታቸውን አስግገው አዩት። ሄዶ ለሁሉም አሳያቸው፤ እየዞረ፣ አልጋ በአልጋ።

መንጌ ሲመለስ ገበያው ጠበቀው። «ጥርስ ነቃዩ ተነቀለ!» እያሉ ተንከባለሉ። «ሙሳ፣ በትንሽ ልጅ እጅ!» አሉት። አፉን ከፍቶ ክፍተቱን አሳያቸው። «ሲጮህ የሰማ አለ?» አላቸው። ሰሌኑን እንደ ድሮው ማንጎው ስር አነጠፈ። ሰው ሲመጣለት አፉን ያያል፣ አንገቱን ይዳስሳል፣ ከዚያ ተነስቶ በእጁ ጎትቶ ሚኒባሱ ጋ ያደርሰዋል። «እኔ ክንድ ብቻ ነኝ» ይላል። «እዛ ዓይን አለ። ሳይወጣ ያየዋል።» እምቢ ያለ አንድ ወፍራም ነጋዴን ከነፍየሉ ሚኒባስ ውስጥ እንደገፋው ሾፌሩ አሁንም ያወራል። ጉጠቱ ደግሞ ከሳጥን ላይ ሚስማር መንቀያ ሆነ። ሚስማሩም አልቀረለት!

ቀሪዎቹ ጥርሶቹ ሲወድቁ ዶክተር ሰናይት ሰው ሰራሽ ጥርስ ልታሰራለት አፉን ለካችው። የልክ መውሰጃው ሊጥ አፉ ውስጥ ደርቆ ሲወጣ፣ የራሱን ድድ ቅርጽ በመዳፉ ይዞ አየው። «ይሄ የኔ አፍ ልክ ነው?» አለኝ። «የማንም አይደለም?»

«የማንም አይደለም ዓሚ። ያንተ ብቻ ነው።»

«ነጋዴው ይሄን አላገኘም» አለ። ከዚያ ቀን በኋላ ነው ጥርሱን ማታም አላወልቅም ያለው።

ለቅሶው ላይ ሼሁ ጥርሱ ይውለቅ አሉና ወለቀ። አሲያ ተቀበለችው፤ ከጉጠቱ ጋር በቀዩ ጨርቅ ጠቀለለችው፤ ሁለቱን አንድ ላይ። የወንድሙ ልጅ «ጉጠቱን ለእኔ» ብሎ እጁን ዘርግቶ ነበር። «ሳጥን ልትከፍት ከሆነ አውስሃለሁ» አለችው አሲያ። ሰዉ ለቅሶ ላይ እንደሆነ ረስቶ ሳቀ።

ወደ አሶሳ ተመልሼ ስራ የገባሁ ቀን አንዲት እናት በካርድ ክፍሉ መስኮት ብቅ አሉ፤ ሻሻቸውን ጉንጫቸው ላይ አስረዋል።

«ሙሳ ነው የላከኝ» አሉ። «ባለፈው ገበያ። ሚኒባሱ ጋ ጎትቶ አድርሶኝ ነበር፤ ሸሸሁ። ዛሬ ግን መጣሁ። ዓይን ያለው ሐኪም የትኛው ነው?»

መሞቱን አልሰሙም። እኔም ያን ሰዓት አልነገርኳቸውም፤ መጀመሪያ ጥርሱ ይውጣ። አስገባኋቸው። ራጁ ተነሳ፤ መርፌው ገባ፤ ከንፈራቸው የት እንደሄደ ጠየቁ። መጠበቂያው ክፍል ላለው ሰው ግራ እጄ ሲነሳ ምን እንደሚል ነግሬ የካርድ ክፍሉን በር ክፍት አድርጌ ቆምኩ። ዶክተር ሰናይት ጎንበስ አለች። ትሪው ላይ ጠብ አለ።

«መቼ ነው የሚጀመረው?» አሉ እናትየዋ።

ሐኪሟ ጥርሱን ዓይናቸው ፊት አቆመችውና ወደ እኔ ዞር አለች። ከጭምብሏ በላይ ዓይኗ እርጥብ ነበር። መጠበቂያው ክፍል ውስጥ የተቀመጠው ሰው ሁሉ እኔን ያያል።

ግራ እጄን አነሳሁ። እስከ መንጌ እንዲሰማ ነው የጮኽነው።